«እግረ መንገድህን»፦ በረንዳ ከማሠራታችን በፊት ልናውቃቸው የሚገቡ የዕቅድ፣ የበጀትና የውል ነጥቦች

ቤት ለመሥራት ሲነሣ ሰው ሁሉ ይጨነቃል። መሐንዲስ ይጠይቃል፣ ዘመድ ያማክራል፣ ገንዘቡን ደጋግሞ ይቆጥራል። በረንዳ ለማሠራት ሲሆን ግን «በረንዳ ደግሞ ምን አላት!» ብሎ አንድ ግንበኛ ይጠራና በማግስቱ ያስጀምራል። እኔም ይህን ትምህርት እስክጀምር ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው። በዚህ ጽሑፍ በረንዳ ሲታሰብ ምን መታቀድ እንዳለበት፣ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመደብና ከባለሙያ ጋር እንዴት መዋዋል እንደሚገባ፣ በራሳችን ቤት የደረሰውን እያነሣሁ ለማብራራት እሞክራለሁ።

የነገሩ መነሻ

ቤታችን ቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) ነው። በ2011 ዓ.ም እናቴ እቁብ ደረሳትና ለብዙ ዓመት ስታስበው የነበረውን በረንዳ አሠራች። ግንበኛው የሰፈራችን ሰው ነው፤ ዕድራችንም አንድ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ውል የሚባል ነገር አልተነሣም። «ከጎረቤት ጋር ወረቀት መጻጻፍ ያሳፍራል» አለች እናቴ። ግማሹን ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን፣ ግማሹን ሥራው አለቀ በተባለበት ቀን ከፈለች።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ከበረንዳው ወደ ውጭ መፍሰሱ ቀርቶ ወደ በራችን መጣ። በጋው ሲወጣ ደግሞ በቤቱ ግድግዳና በበረንዳው መካከል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። አያቴ እዚያ ላይ ተደናቅፋ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ግንበኛው ተጠርቶ ሲመጣ «እትዬ፣ አፈሩ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ» አለ። እናቴ ደግሞ «ሲሚንቶዬን በልቶብኛል» አለች። ከዚያ በኋላ በዕድር ቀን እንኳ አይተያዩም ነበር።

በኋላ እንደተረዳሁት ሁለቱም በከፊል ልክ ነበሩ። የጠፋው ነገር ዕቅዱ፣ ሒሳቡና ወረቀቱ ነበር። አንድ በአንድ እንመልከት።

1. ዕቅድ

ሀ) ስፋቱ፦ የበረንዳ ስፋት የሚለካው በረንዳው ላይ ከሚሠራው ሥራ ተነሥቶ ነው። 1 ሜትር ከ20 ጎን ያለው በረንዳ መተላለፊያ ይሆናል እንጂ ቡና ማፍያ አይሆንም። ወንበር ተደርድሮ፣ ረከቦት ተቀምጦ፣ ከፊቱ ደግሞ ሰው እንዲያልፍ ከተፈለገ ወደ 2 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። እኛ 6 ሜትር በ2 ሜትር፣ ማለትም 12 ካሬ ሜትር ወስነናል።

ለ) ከፍታው፦ የበረንዳው ጣሪያ ከቤቱ ጣሪያ ሥር የሚገባ ከሆነ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር የውጭው ጠርዝ ዝቅ ይላል። ለምሳሌ ቆርቆሮው 2 ሜትር ከ30 ርዝመት ኖሮት 15 በመቶ ተዳፋት ቢሰጠው ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የቤቱ የጣሪያ ጠርዝ 2 ሜትር ከ60 ላይ ከሆነ የበረንዳው ጫፍ 2 ሜትር ከ25 ላይ ይቀራል። ስፋቱን 3 ሜትር እናድርገው ቢባል ጫፉ ከዚያም ይበልጥ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ይህን በወረቀት ላይ ማወቅ ነፃ ነው፤ ምሰሶው ከቆመ በኋላ ማወቅ ግን ያስከፍላል።

ሐ) የውሃው መንገድ፦ የበረንዳው ወለል ከቤቱ ወለል ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለትና ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። በ2 ሜትር ስፋት 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ለዓይን አይታይም፤ ውሃ ግን ያየዋል። የእኛን አሮጌ በረንዳ በውሃ ልክ ስለካው 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ቤቱ አዘንብሎ አገኘሁት።

መ) አፈሩ፦ ቢሾፍቱና አካባቢው የሚታወቅበት ጥቁር አፈር ለጤፍ ጥሩ ነው፤ ለግንባታ ግን አስቸጋሪ ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ቤቱ ከባድ ነው፣ መሠረቱም ጥልቅ ነው፤ በረንዳው ቀላል ነው፣ መሠረቱም ከላይ ከላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጥቁሩን አፈር ማውጣትና በሌላ መሙያ መተካት ነው። ቢሾፍቱ ላይ «ሬድ አሽ» የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በቅርብ ይገኛል። መሙያው በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እየሆነ ይጠቀጠቃል። ሁለተኛው በረንዳውን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አለማጣበቅ ነው። በመካከሉ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶ በሚለጠጥ ነገር ቢሞላ ሁለቱ በየራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። ቁፋሮው ከቤቱ መሠረት ግርጌ በታች መውረድ የለበትም፤ አለበለዚያ በረንዳ ስናሠራ ቤት እናፈርሳለን። መሙያው ውስጥም ውሃ እንዳይጠራቀም በዳሩ ቦይ ያስፈልጋል።

ሠ) ፈቃዱ፦ በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በከተሞች ያለ ግንባታ ፈቃድ መሥራትን የከለከለ ነበር። ሕግና መመሪያ ይሻሻላልና ከመቆፈር በፊት የይዞታ ካርታን ይዞ የከተማ አስተዳደሩን የግንባታ ፈቃድ ክፍል መጠየቅ ይገባል። «በረንዳ እኮ ነው» ማለት ማፍረሻ ትእዛዝ ሲመጣ መልስ አይሆንም።

2. በጀት

በጀት ማለት ከኪስ ተነሥቶ «ስንት አለኝ?» ማለት ሳይሆን፣ ከሥራው ተነሥቶ «ምን ያህል ዕቃ ይፈጃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ መጠን ግን አይለወጥም። ስለዚህ እኔ እዚህ የማስቀምጠው መጠኑን ነው፤ ዋጋውን አንባቢ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ3 መደብር ጠይቆ ያባዛው።

ለ12 ካሬ ሜትር በረንዳ ያወጣነው ሒሳብ ይህን ይመስላል፦

– ቁፋሮ፦ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 9.6 ሜትር ኪዩብ። አፈር ሲቆፈር ስለሚነፋ ተጭኖ የሚወጣው 12 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። የማስወገጃው የመኪና ኪራይ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

– የድንጋይ ንጣፍ ከአርማታው ሥር፦ 25 ሳንቲ ሜትር፣ 3 ሜትር ኪዩብ። የቀሩት 55 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 6.6 ሜትር ኪዩብ፣ በመሙያው ይያዛል። መሙያው ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ ከዚህ ጨምሮ ማዘዝ ያስፈልጋል። የዳር ግንቡ ድንጋይ ለብቻው ይቆጠራል።

– አርማታ፦ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 1.2 ሜትር ኪዩብ። ለአንድ ሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢያዝ 432 ኪሎ፣ ማለትም 50 ኪሎ የሚይዘው ከረጢት 9 ያህል ነው። በ1 ለ2 ለ3 ድብልቅ አሸዋው 0.6፣ ጠጠሩ 0.9 ሜትር ኪዩብ ይሆናል።

– ፌሮ፦ ባለ 6 ሚሊ ሜትር በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቢዘረጋ ወደ 128 ሜትር፣ በክብደት 28 ኪሎ ያህል።

– ጣሪያ፦ ምሰሶ፣ ወራጅ፣ ማገር፣ ቆርቆሮና ሚስማር። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ማስታወስ ነው። 32 ከ28 ይሳሳል። «ትልቁን ቁጥር ስጠኝ» የሚል ገዢ ቀጭኑን ተሸክሞ ይሄዳል።

– ውሃ፦ አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበቱ መጠበቅ አለበት። ጆንያ አልብሶ ጠዋትና ማታ ማጠጣት ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ውሃ መግዛት በጀት ውስጥ ይገባል።

በዚህ ሁሉ ላይ ለብክነትና ለዋጋ ጭማሪ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጨመር ተገቢ ነው። ሲሚንቶ ይወደዳል ተብሎ ከወራት በፊት ገዝቶ ማከማቸት ግን አይመከርም፤ እርጥበት እየሳበ ጉልበቱን ያጣል። ጥቂት ቀን የሚቀመጥ ከሆነም ከመሬትና ከግድግዳ አርቆ በጣውላ ላይ መደርደር ያስፈልጋል።

3. ባለሙያ መቅጠር

አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በቀን ሒሳብ ነው፤ ለግንበኛውና ለረዳቱ በየቀኑ ይከፈላል። ጥራቱን መቆጣጠር ይቻላል፣ ግን አሠሪው ከሥራው ቦታ መጥፋት የለበትም፤ ቀኑ በረዘመ ቁጥር ወጪው ይረዝማል። ሁለተኛው ጉልበት ብቻ በቁርጥ ነው፤ ዕቃውን አሠሪው ይገዛል፣ ባለሙያው የተስማሙበትን ይቀበላል። ሥራው ይፈጥናል፤ አደጋው ጥድፊያ ነው። ሦስተኛው ከነዕቃው መስጠት ነው። ለአሠሪው ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን ሲሚንቶ የቀነሰ ሁሉ ለኮንትራክተሩ ትርፍ ስለሚሆን ቁጥጥሩ መጥበቅ አለበት። ለበረንዳ ያህል ሥራ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ማንን እንቅጠር ለሚለው፣ ቢያንስ ከ3 ባለሙያ ዋጋ መቀበል፣ ለሦስቱም ያው አንድ ዓይነት ሥዕልና ልክ መስጠት። ልኩ ካልተመሳሰለ ዋጋው አይወዳደርም። ከዚያ «የሠራኸውን አሳየኝ» ማለት፤ ግን ዘንድሮ የተሠራውን ሳይሆን ሁለት ክረምት ያለፈበትን። አዲስ በረንዳ ሁሉ ቆንጆ ነው።

4. ውልና አከፋፈል

በ2016 ዓ.ም ጥቅምት ላይ አሮጌውን በረንዳ ስናፈርስ የአርማታውን ውፍረት ለካሁት። ዳር ዳሩ፣ ሰው በሚያየው በኩል፣ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። መሐሉ 6 ነው። እናቴ «አላልኩም?» አለች። እኔ ግን ዙሪያውን ስመለከት ሁለት ደረጃ፣ የአበባ መደብና የልብስ ማጠቢያ ንጣፍ አየሁ። እነዚህ ከየት መጡ ብዬ ብጠይቅ፣ ሥራው መሐል ላይ «እግረ መንገድህን ይቺን ሥራልኝ፣ እግረ መንገድህን ያቺንም» እያለች ያሠራቻቸው ናቸው። ሲሚንቶ አልተጨመረም፣ ቀን አልተጨመረም፣ ብር አልተጨመረም። ሰውየውም ጎረቤት ነውና እንቢ ማለት አፍሮ ከወለሉ ላይ ቀነሰ። ሲሚንቶውን አልበላውም፤ ደረጃውና መደቡ በሉት። በእኔ አስተያየት በግንባታ ቦታ ላይ እንደ «እግረ መንገድህን» የሚያስከፍል ቃል የለም።

ስለዚህ የውል ወረቀት ባለሙያውን ላለማመን የሚጻፍ አይደለም፤ ሁለቱንም ከይሉኝታ ያድናል። አንድ ገጽ ይበቃል። ሥራው በልክ (ርዝመት፣ ስፋት፣ ውፍረት፣ ተዳፋት)፣ ድብልቁ በሣጥን ቁጥር፣ ዕቃ ማን እንደሚገዛ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን፣ አከፋፈሉና የ2 ምስክሮች ፊርማ ይሰፍርበታል። ድብልቁ በአካፋ እንዳይለካ ሣጥን ይሠራል፤ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 36 ሊትር ይይዛል፣ ይህም የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ነው። ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ ያን ዕለት ዋጋውና ዕቃው ተጽፎ በሁለቱም ይፈረማል።

አከፋፈሉን እኛ እንዲህ አድርገናል፦ ቁፋሮና መሙያው ሲያልቅ 20 በመቶ፣ የዳር ግንብና የድንጋይ ንጣፉ ሲያልቅ 25፣ አርማታው ሲሞላ 30፣ ጣሪያው ሲያልቅ 15፣ ቀሪው 10 በመቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጥሎ ውሃው ወደ ውጭ ሲፈስ። ዋናው ነገር የሚሸፈን ሥራ ከመሸፈኑ በፊት መለካቱ ነው።

ሕጉም ረዳት ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 3039 የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ጥሩነትና ጽናት የ10 ዓመት ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል። ጉዳቱ በአፈሩ ጠባይ የመጣ ቢሆንም እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም። ነገር ግን ምን እንደታዘዘ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ክርክሩ «አልክ፣ አላልኩም» ሆኖ ይቀራል።

ማጠቃለያ

አዲሱን በረንዳ የሠራልን ማን እንደሆነ ብናገር ይገርማችሁ ይሆናል፤ ያው የድሮው ግንበኛ ነው። የለካሁትን ሁሉ ይዤ ቤቱ ሄድኩና «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አልነበረም» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ይሄን የሚለኝ ሰው ነበር የጠፋው» አለ። ውሉን ራሱ ሁለቴ አንብቦ ፈረመ። አርማታው በተሞላ ማግስት እናቴ ቡና ይዛ መጣችና «እንግዲህ እግረ መንገድህን...» ብላ ስትጀምር፣ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውጥቶ «እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ እንጻፈው» አላት። ሁሉም ሳቀ። ተጻፈም።

ያቺን 10 በመቶ ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ በረንዳው ላይ ቆመን ከፈልነው። ውሃው ወደ ቦዩ ይወርድ ነበር። አያቴ ከበሩ እስከ ወንበሯ ድረስ ማንም ሳይደግፋት መጥታ ተቀመጠች።

በረንዳ ለማሠራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ግንበኛውን ከመጥራታችሁ በፊት ሜትርና ወረቀት አንሡ። ቸር ይግጠመን።