የተራራው ከፍታና የመንገዱ ርዝመት

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ስዊስ፣ ወደ ኦስትሪያ ወይም ወደ ፈረንሳይ የሚሄድ ጓደኛችን የአውሮፓ ክረምት ሲገባ አንድ ግብዣ አይቀርለትም። የክፍል ጓደኞቹ «ና፣ ስኪ እንሂድ» ይሉታል። ከዚያም የተራራው ማስታወቂያ በእጁ ይገባል፤ በእሱም ላይ ጐልቶ የሚታየው አንድ ቍጥር ነው፤ ይኸውም ከተራራው ራስ እስከ ግርጌው ያለው የከፍታ ልዩነት ነው። ቍጥሩ በበለጠ መጠን ተራራው የተሻለ ይመስላል። እኛ ግን በዚህ ቍጥር ብቻ መመራት፣ በተለይ ለጀማሪ፣ እግር የሚሰብር ስሕተት ነው እንላለን። (ሮቤል ተክለማርያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት ስኪ ሜዳውንም አቀበቱንም የሚያቋርጥ ሌላ ዐይነት ነው፤ እዚህ የምንናገረው ስለ ቁልቁለቱ ነው።)

ነገሩን ከፊዚክስ እንጀምር። በተራራ ራስ ላይ የቆመ ሰው በከፍታው ምክንያት የተጠራቀመ ኃይል አለው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 860 ሜትር ሲወርድ 590,000 ጁል ያህል ይለቀቃል። አየርና ሰበቃ ባይኖሩ ኖሮ ከታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ460 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ነበር። 860 ያልነው በዘፈቀደ አይደለም፤ በኦስትሪያ በኪትስቢዩል የሚገኘው፣ ሽትራይፍ የተባለው የእሽቅድምድም መንገድ የከፍታ ልዩነት ነው። ርዝመቱ 3,312 ሜትር ነው። ፍሪትስ ሽትሮብል በ1997 በ1 ደቂቃ ከ51.58 ሴኮንድ ወረደው፤ ብናካፍለው አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የሚሄደው ባለ 70 ኪሎ ሰው በእንቅስቃሴው የያዘው ኃይል ከተለቀቀው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን አየሩና በረዶው በልተውታል። እንግዲህ ከፍታው በኪሳችን ያለ ገንዘብ ቢሆን፣ ርዝመቱ ገንዘቡን በምን ያህል ችኰላ እንደምናጠፋው ይወስናል።

ሽትራይፍ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 26 ሜትር ያዘቀዝቃል። በኦስትሪያና በጀርመን እስከ 25 በመቶ የሚያዘቀዝቅ መንገድ ሰማያዊ፣ እስከ 40 በመቶ የሆነው ቀይ፣ ከዚያ የበለጠው ጥቁር ተብሎ ይመደባል። በአማካዩ ከሄድን ሽትራይፍ ከሰማያዊው ጥቂት ብቻ የሚከብድ መንገድ ነው ማለት ነው! ነገር ግን ከመነሻው ጥቂት ዝቅ ብሎ «የአይጥ ወጥመድ» የተባለ ስፍራ አለ፤ እዚያ ቁልቁለቱ 85 በመቶ ይደርሳል። አማካይ ውጤት አንዱን የወደቁበትን ትምህርት እንዴት እንደሚሸፍን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በተቃራኒው በፈረንሳይ በሻሞኒ ያለውን ቫሌ ብላንሽ እንመልከት። ከኤግዊይ ዱ ሚዲ ጫፍ፣ ከ3,842 ሜትር ከፍታ፣ እስከ ከተማው ድረስ 2,800 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ርዝመቱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው የሽትራይፍን ከሦስት እጅ በላይ ሲሆን ቁልቁለቱ በአማካይ በመቶ 14 ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ መንገዱ በተሰነጣጠቀ ግግር በረዶ ላይ ስለሚያልፍ መሪ ያስፈልገዋል። ደግሞም አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ከላይ እንደ ዱቄት የነበረው በረዶ ከታች እርጥብ ሆኖ ይጠብቃል። በረዶው ሲያንስ ጭራሹን እስከ ከተማው በስኪ መድረስ አይቻልም፤ ተንሸራታቹ ከሞንታንቬር በባቡር ይወርዳል። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ከፍታ ሁሉ በስኪ የሚወረድ አይደለም ያልነው ለዚህ ነው።

የእግር ነገርም አለ። በስዊስ በቬንገን የላውበርሆርን መንገድ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ 1,028 ሜትር ይወርዳል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ጐንበስ ብሎ መውረድ የሻምፒዮኖችን ጭን ያቃጥላል፤ የመጨረሻዎቹ መታጠፊያዎች የሚመጡትም እግሩ ሲዝል ነው። በአንጻሩ የወንዶች የስላሎም ውድድር የከፍታ ልዩነት 180 እስከ 220 ሜትር ነው፤ ብልሃት ግን እዚያ ይታያል። ስለዚህ ጓደኛችን በአጭር ኮረብታ አሥር ጊዜ እየወጣ ቢለማመድ፣ ወረፋው ቢያሰለቸውም፣ ማፈር አይገባውም። ግብዣው ሲመጣ ግን ይጠይቅ፤ መንገዱ ሳይቋረጥ ስንት ሜትር ይወርዳል? በስንት ኪሎ ሜትር? ከሁሉ የሚያዘቀዝቀው ቦታስ ወዴት ነው፣ በጐኑ የሚያልፍ ሌላ መንገድ አለው ወይ?