ኤም ኤስ እና መርሳት፦ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ምን ይሠራል?

 

ስለ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የእግር መዛል፣ የዓይን ብዥታና መደንዘዝ ነው። በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ግን ለየት ይላል። «ዶክተር፣ ስራመድ ደህና ነኝ፤ ሁለት ሰው በአንዴ ሲያወራኝ ግን ይጠፋብኛል።» «ሽንኩርት ጥጄ ስልክ ካነሳሁ በቃ ያራል።» «ቤት ውስጥ ሰነፍሽ እየተባልኩ ነው።» ዛሬ የምናየው ይሄንን ነው።

ኤም ኤስ የሰውነታችን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ነርቮች ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ሽፋኑ ማይሊን ይባላል፤ መልእክት ቶሎ እንዲያልፍ ያደርጋል። እሱ ሲጎዳ መልእክቱ ይዘገያል። ወደ እግር የሚሄደው ሲዘገይ እግር ይዝላል፤ አንጎል ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚሄደው ሲዘገይ ደግሞ ማሰብ ይዘገያል። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ገና በ1868 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ሲያስተምር የማስታወስ መድከምን ጠቅሶ ነበር። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ100 ታማሚዎች ከ40 እስከ 65 የሚሆኑት በተለያየ ደረጃ ያጋጥማቸዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «ረሳሁት» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ መጀመሪያውኑ በደንብ ያልገባ ነው። ኤም ኤስ ያለበት ሰው አዲስ ነገር ለመያዝ ከሌላው የበለጠ ድግግሞሽና ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዴ በደንብ ከያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስታውሰዋል። «አልዛይመር ያዘኝ ማለት ነው?» ለምትሉኝ፣ አይደለም። ስንፍናም አይደለም። ሕክምናውም የሚነሳው ከዚሁ ነው፤ መረጃው የሚገባበትን መንገድ ማስተካከል።

ከዚያ በፊት ግን ሐኪማችሁ ሌሎች ምክንያቶችን ይፈትሽ። ድብርት፣ የእንቅልፍ ችግር፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ እንዲሁም አንዳንድ መድኃኒቶች (ለምሳሌ ለሽንት የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒን ወይም ለጡንቻ መገታተር የሚሰጠው ባክሎፌን) ጭንቅላትን ያደበዝዛሉ። መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ባክሎፌን በድንገት ሲቋረጥ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒ። ስሙ ያሳስታል፤ ስለ ቢሮ ሥራ ብቻ ይመስላል። ግን ቀናችንን የሚሞላውን ነገር ሁሉ ያካትታል፦ መልበስ፣ ማብሰል፣ ሒሳብ መክፈል፣ ልጅ ማስጠናት፣ ታክሲ ይዞ ሥራ ደርሶ መመለስ። ፊዚዮቴራፒስት የእግራችሁን ጉልበት ሲያይ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ሽሮ ስትሠሩ ያያል። ቀልድ አይደለም። የቱ ጋ እንደቆማችሁ፣ የትኛውን ደረጃ እንደዘለላችሁ፣ ምን እንደረበሻችሁ ያያል፤ ከዚያ ሥራውን ከእናንተ ጋር ሆኖ ይቀይረዋል። ሁሉንም ቀድሞ ከትፎ ማዘጋጀት፣ ሬዲዮ ማጥፋት፣ ምድጃ ላይ እያሉ ስልክ አለማንሳት፣ ደቂቃ ቆጣሪ መሙላት።

ስልካችሁም መሣሪያ ነው፤ እኛ አገር ግን ወጥመድ አለው። ቀጠሮው «ጠዋት 3 ሰዓት» ይባላል፣ ስልኩ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ማንቂያው ሌሊት ይጮሃል። የቀጠሮ ካርዱ በኢትዮጵያ ቀን፣ ካላንደሩ በፈረንጅ። ለጤነኛውም ያምታታል! ስለዚህ አንድ አቆጣጠር ምረጡ፣ ካርዱን እንደተቀበላችሁ እዚያው ቆማችሁ ቀይሩና ሙሉ። ማንቂያው ሲጮህ ደግሞ መድኃኒቱን ሳትውጡ አታጥፉት። «ቆይ እወስዳለሁ» ብሎ ማጥፋት ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

ሌላው የምወደው ዘዴ ተረት መሥራት ነው። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ባትሪና ምስር መግዛት አለባችሁ እንበል። ባትሪ የዋጠች ሎሚ በሳሙና አንሸራታ ምስር ውስጥ ስትወድቅ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት ኤም ኤስ ያለባቸው 86 ሰዎች ተሳትፈው፣ በተረትና በምስል መማርን በ10 ክፍለ ጊዜ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት የተሻለ የመማር ለውጥ አሳይተዋል። የስልክ «የአንጎል ጌም»? በግሌ ብዙ አልመክርም። ጌሙን ጎበዝ ያደርጋችኋል፤ ድስቱ ማረሩን ግን ላያስቀር ይችላል።

ድካምና ሙቀት ማሰብን ያባብሳሉ። ከባዱን ሥራ (ሒሳብ፣ ሪፖርት) ጭንቅላታችሁ ንቁ በሆነበት ሰዓት አድርጉት፤ ለብዙዎች ጠዋት ነው። ዕረፍት የሚወሰደው ከመድከም በፊት ነው። በቀትር ፀሐይ ወረፋ መቆምና በጣም የሞቀ ሻወርም ይቀነሱ።

ቤተሰብ፣ እናንተም ሥራ አላችሁ። አንድ በአንድ አውሩ፣ ቲቪውን ዝቅ አድርጉ፣ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ። «ተይው እኔ ልሥራው» እያላችሁ ከእጇ አትንጠቁ፤ ለፍቅር ነው የምታደርጉት፣ ግን ሰውየው የሚችለውንም እንዲተው ያደርጋል።

በአገራችን ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሙያው ትምህርት መሰጠት መጀመሩ ደስ ይላል። እስከዚያ የነርቭ ሐኪማችሁን «የማሰብ ችሎታዬ ይለካልኝ» በሉት። ምልክትን ከቁጥር ጋር የማዛመድ 90 ሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ፈተና አለ፤ በየዓመቱ ቢደገም ለውጡን ያሳያል። ወደ ሐኪም ስትሄዱ «እረሳለሁ» ብቻ አትበሉ። የከበዷችሁን ሦስት ሥራዎች ጽፋችሁ ሂዱ። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሪፈር እንዲያደርጓችሁ በግልጽ ጠይቁ።

መርሳቱ ወይም ግራ መጋባቱ በቀናት ውስጥ ድንገት ከባሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ ትኩሳት ወይም የበሽታው ማገርሸት ሊሆን ይችላል። ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተያዘ ወይም አንድ ጎን በድንገት ከዛለ «ኤም ኤሱ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።