የካሜራ ሌንስ መግጠሚያ

የሌንስ መግጠሚያ ወይም ማውንት ሌንሱ በሚነቀል ካሜራ ላይ ሌንስና ካሜራ የሚገናኙበት የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሌንሱን አጥብቆ ይይዛል፤ በዘመናዊ ካሜራዎች ደግሞ በላዩ ባሉት የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች በኩል ኃይልና መረጃ ያስተላልፋል። አምራቾች የየራሳቸው መግጠሚያ ስላላቸው የኒኮን ሌንስ በካኖን ካሜራ ላይ በቀጥታ አይገጥምም። አንድ ዓይነት መግጠሚያ የሚጋሩ ካሜራዎችና ሌንሶች በአንድነት የካሜራ ሥርዓት ይባላሉ።

የካሜራው አካል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ ሞዴል ሲተካ፣ ጥሩ ሌንስ ግን ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ብዙ ባለሙያዎችም ከካሜራው ይልቅ ለሌንሶች የበለጠ ገንዘብ ያወጣሉ። ሥርዓት መቀየር ማለት ሁሉንም ሌንሶች ሸጦ እንደገና መግዛት ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ካሜራ ምርጫ ከካሜራው ዕድሜ በላይ ውጤት አለው።

ከሴንሰሩ ያለው ርቀት

ከመግጠሚያው ቀለበት እስከ ሴንሰሩ ወይም እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት በእያንዳንዱ ሥርዓት የተወሰነ ነው። በዲኤስኤልአር ካሜራዎች ውስጥ የሚነሳና የሚወርድ መስታወት ስላለ ርቀቱ ረዘም ይላል። መስታወት አልባ ካሜራዎች ግን ይህ ቦታ አያስፈልጋቸውም።

* ኒኮን ኤፍ፦ 46.5 ሚሊ ሜትር
* ካኖን ኢኤፍ፦ 44 ሚሊ ሜትር
* ካኖን ኤፍዲ፦ 42 ሚሊ ሜትር
* ካኖን አርኤፍ፦ 20 ሚሊ ሜትር
* ሶኒ ኢ፦ 18 ሚሊ ሜትር
* ኒኮን ዜድ፦ 16 ሚሊ ሜትር

ለረጅም ርቀት የተሠራ ሌንስ አጭር ርቀት ባለው ካሜራ ላይ በአዳፕተር ሊገጠም ይችላል። ለምሳሌ የካኖን ኢኤፍ ሌንስን በሶኒ ኢ ላይ ለመግጠም ልዩነቱን የሚሞላ 26 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አዳፕተር ይበቃል። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፤ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ከሴንሰሩ ስለሚርቅ ሩቅ ያለን ነገር አጥርቶ ማሳየት አይችልም።

ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች

ኒኮን የኤፍ መግጠሚያን በ1959 እ.ኤ.አ. አውጥቶ፣ በ1980ዎቹ ካሜራዎች ምስልን በራሳቸው ማጥራት ሲጀምሩም ያንኑ መግጠሚያ ይዞ ቀጠለ። ካኖን በበኩሉ በ1987 እ.ኤ.አ. ኤፍዲን ትቶ ኢኤፍ የተባለ አዲስ መግጠሚያ አመጣ። የኤፍዲ ርቀት ከኢኤፍ በ2 ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ፣ የቀድሞ ሌንሶችን በአዲሶቹ ካሜራዎች ላይ ለመጠቀም ተጨማሪ መስተዋት ያለው አዳፕተር የግድ ሆነ። በዚህ የተነሳ ብዙ የኤፍዲ ሌንስ የነበራቸው ደንበኞች ተጎዱ።

ይሁን እንጂ በኢኤፍ ሥርዓት የማጥሪያው ሞተር በሌንሱ ውስጥ ተደረገ፤ ትእዛዙም ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚተላለፍ ሆነ። አብዛኞቹ የመጀመሪያ የኒኮን አውቶፎከስ ሌንሶች ግን ሞተር ስላልነበራቸው በካሜራው ውስጥ ባለ ሞተር በትንሽ ዘንግ ይሽከረከሩ ነበር። እንደ ዲ40፣ ዲ3000 እና ዲ5000 ባሉ ርካሽ ካሜራዎች ውስጥ ይህ ሞተር ስለሌለ እነዚህ ሌንሶች በእጅ ብቻ ይጠራሉ።

ልዩነቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ድርጅቶች ወደ አዲስ መስታወት አልባ መግጠሚያ ሲሸጋገሩ እንደገና ታየ። የኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር በአርኤፍ ካሜራ ላይ ሲገጠሙ አውቶፎከሳቸው ይሠራል። ሞተር የሌላቸው የኒኮን ሌንሶች ግን ኤፍቲዜድ በተባለው የኒኮን አዳፕተር ላይ በእጅ መጥራት አለባቸው።

የሴንሰር መጠን

አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያሳየው ስፋት እንደ ሴንሰሩ መጠን ይለያያል። በፉል ፍሬም ሴንሰር ላይ መደበኛ እይታ ሲሰጥ፣ በኒኮንና በሶኒ ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ላይ እንደ 75፣ በካኖን ኤፒኤስ-ሲ ላይ እንደ 80፣ በማይክሮ ፎር ሰርድስ ላይ ደግሞ እንደ 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ የጠበበ እይታ ይሰጣል። ለትንሽ ሴንሰር የተሠሩ ሌንሶች በአብዛኛው ቀላልና ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን የፉል ፍሬም ሴንሰርን ሙሉ በሙሉ አይሸፍኑም። የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች በካኖን ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ ጨርሶ አይገጥሙም።

የሌሎች አምራቾች ሌንሶች

እንደ ሲግማና ታምሮን ያሉ ድርጅቶች ለተለያዩ መግጠሚያዎች፣ ብዙ ጊዜ በቅናሽ ዋጋ፣ ሌንስ ይሠራሉ። ሶኒ የኢ መግጠሚያን መሠረታዊ መረጃ በ2011 እ.ኤ.አ. ለሌሎች አምራቾች ያለ ክፍያ በመክፈቱ ለዚህ ሥርዓት ብዙ ዓይነት ሌንስ ይገኛል። በካኖን አርኤፍ በኩል ሲግማና ታምሮን በፈቃድ የተሠሩ የኤፒኤስ-ሲ ሌንሶችን ያስታወቁት በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። አንዳንድ መግጠሚያዎች ደግሞ የጋራ ናቸው፤ ማይክሮ ፎር ሰርድስን ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ በጋራ ፈጠሩ፤ ኤል ማውንትን ደግሞ ላይካ፣ ፓናሶኒክና ሲግማ ይጋራሉ።

ሥርዓትን ማወዳደር

የሁለት ካሜራዎች ዋጋ ብቻውን ቢነጻጸር ሊያሳስት ይችላል። ለምሳሌ የሠርግ ፎቶ አንሺ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ከ24 እስከ 70 እና ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ አፐርቸራቸው ኤፍ 2.8 የሆነ ሁለት ዙም ሌንሶችን ነው። ስለዚህ የሚነጻጸረው የካሜራውና የሁለቱ ሌንሶች ድምር ዋጋ ነው። ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ ሞተሩ በሌንሱ ውስጥ መሆን አለመሆኑ፣ ለየትኛው የሴንሰር መጠን እንደተሠራና አዳፕተር የሚያስፈልገው ከሆነ አውቶፎከሱ መሥራት አለመሥራቱ አስቀድሞ ይጣራል።