«ደስታ» የበሽታ ስም ሲሆን፦ የውጭ እንግዳ የጋይንትን አማርኛ እንዴት ይማራል?

በጎችና ፍየሎች ዐይናቸው ሲያለቅስ፣ አፍንጫቸው ሲፈስ፣ አፋቸው ውስጡ ሲቆስልና ሲያስቀምጣቸው የጋይንት ወይም የስማዳ አርሶ አደር «ደስታ መሰል ገባብን» ብሎ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይሄዳል። እዚያ የሚያገኘው ባለሙያ የአገሩ ልጅ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አማርኛን ከመዝገበ ቃላት የተማረ የውጭ አገር ሰው ከሆነ ግን «ደስታ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ለሠርግና ለልደት ነው። የገበሬው ፊት ጠቁሮ ሳለ አፉ ደስታን ሲጠራ ምን ብሎ ይረዳው?

ቃሉ ታሪክ አለው። «ደስታ» የሚባለው የቀንድ ከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ከብቱን ሲፈጅ፣ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቃተው። ድርቅና አንበጣ ተጨምሮበት «ክፉ ቀን» እየተባለ የሚነገርለት ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ከብዙ ዓመታት የክትባት ዘመቻ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ነው። በግና ፍየል የሚያጠቃው ዘመዱ «ደስታ መሰል» ግን ዛሬም አለ፤ ዓለም አቀፍ ተቋማት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ሊያጠፉት አቅደዋል። ክትባት ያለው በሽታ ስለሆነ ወሬው በጊዜ ከደረሰ ያልታመመውን መንጋ ማትረፍ ይቻላል። ወሬው የሚደርሰውም በዚሁ በገበሬው ቃል ነው።

«አባ ሰንጋ»ም እንዲሁ ነው። «አባ» የመነኩሴ መጠሪያ፣ «ሰንጋ» ደግሞ የደለበ በሬ መሆኑን የተማረ እንግዳ ሁለቱን ገጣጥሞ የሚደርስበት ትርጉም ከበሽታው እጅግ ይርቃል። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚፈስሰው በሬ ቆዳው ሳይገፈፍ፣ ሥጋው ለቅርጫ ሳይከፋፈል መቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር አለበት፤ በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋልና። ይህን ምክር ለመስጠት የመጣ ባለሙያ፣ ሰዎቹ «አባ ሰንጋ» ሲሉ የትኛውን በሽታ እንደሚጠሩ ካላወቀ ምክሩ በሬው ከተበላ በኋላ ይደርሳል።

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ውርጭ ተነሥቶ እስከ በሽሎና ዓባይ ቆላ የሚወርድ ምድር ናቸው። ድርቅ ደጋግሞ ስለጎበኛቸው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች መካከል ይገኛሉ። የርዳታ ሠራተኛው፣ አጥኚው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ ሲመጣ ኖሯል። አብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ወራት ተምሮ፣ ሰላምታውንና ቁጥሩን አጥንቶ ነው የሚደርሰው። እዚህ ሲደርስ ግን የተማረው ቋንቋ ሌላ የሆነበት ይመስለዋል። ራሱ ያመጣው «ሴፍቲኔት» የሚለው ቃል እንኳ በገበሬው አፍ ተገርቶ ሲመለስለት የማያውቀው የአማርኛ ቃል ይሆንበታል።

የመጀመሪያው መሰናክል ትንሽ ፊደል ናት። መጽሐፍ «ከዚህ»፣ «ከቤት» ብሎ ያስተምራል። በብዙ የአማራ ክልል ገጠሮች ግን «ተዚህ»፣ «ተቤት» ወይም «ኸዚህ»፣ «ኸቤት» ሲባል ይሰማል። ሰዋስው የተማረ እንግዳ «ተ»ን የሚያውቃት «ተሰበረ»፣ «ተወሰደ» በሚሉት ግሶች መነሻ ላይ ስለሆነ «ተቤት መጣሁ»ን ሲሰማ «ተቤት» የሚባል ግስ ፍለጋ ይገባል። አዲስ አበባ «ሄድኩ» የሚለውን ሰሜኑ «ሄድሁ» ይለዋል። ይህን ሁሉ «የገጠር ስሕተት» አድርጎ የሚያስረዳ የከተማ አስተርጓሚ አይታጣም፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። «ሄድሁ» በመጻሕፍት ተከብሮ የኖረ አነጋገር ነው፤ «ተ»ም በድሮ ጽሑፎች ውስጥ ትገኛለች።

አክብሮቱም ይለያል። የአዲስ አበባ መምህር «እርስዎ» በል ብሎ ይልከዋል። በጎንደር ገጠር ሽማግሌውም፣ ቄሱም፣ አማቱም «አንቱ» ናቸው፤ «አንቱ የት ነበሩ?» ይባላል። እንግዳው «አንተ» እና «አንቱ» በአንዲት ፊደል የሚለያዩ መሆናቸውን ሳያስተውል አንድን የሰባ ዓመት አዛውንት «አንተ» ቢላቸው፣ ሰውየው ፈረንጅነቱን አይተው ዝም ይሉታል፤ ልጆቹ ግን ይሥቃሉ። የልጆቹ ሣቅ ከሽማግሌው ትዕግሥት ይልቅ ያስተምረዋል።

ከቃላት አልፎ የሚመጣው ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ባለቤቲቱ ቡናው ሳይፈላ ተነሥታ «መጣሁ» ብላ ትወጣለች። መጽሐፉ «መጣሁ» የተፈጸመ ድርጊት ነው ይላል፤ እርሷ ግን እየሄደች ነው። «አሁን እመለሳለሁ» ማለቷ መሆኑን የሚረዳው ሦስት አራት ጊዜ ብቻውን ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሰው ሲያወራለት አድማጩ ትንፋሹን በአጭሩ ወደ ውስጥ ይስባል። እንግዳው አንድ ነገር አስደንግጦት ወይም ታሞ ይሆን ብሎ ንግግሩን ያቋርጣል፤ አድማጩ ግን «እሺ፣ ቀጥል» ማለቱ ነበር። «ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ከተባለ በእንግዳው ሰዓት ስምንት ሰዓት መሆኑን ካላሰላ ገበሬው ሞፈሩን ተሸክሞ ከሄደ በኋላ ይደርሳል።

«አለ» የሚለው ግስ ብቻውን የአንድ ወር ትምህርት ይጠይቃል። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ከተፍ አለ» ውስጥ ማንም የተናገረ የለም። ዝም ያለ ሰው እንዴት «አለ» ይባላል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለመልሱ ግን ሰዋስው ከመቁጠር መስማት ይሻላል።

ገበታ ላይ ደግሞ «በሞቴ» አለ። እናት ጉርሻውን ይዘው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ» ሲሉ፣ ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ሞትና መቃብር ከእንጀራው ጋር ምን አገናኛቸው ብሎ ይደነግጣል። ፍቅር ነው። እምቢ ማለትም የሚቻለው በተመጣጣኝ ቃል ነው፤ «ጠግቤያለሁ» ብቻ ብሎ እጅን መሰብሰብ ቤቱን እንደ መናቅ ሊቆጠር ይችላል። ምስጋናውም «አመሰግናለሁ» ከሚለው ይልቅ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲባል በገጠሩ ጆሮ ይሞቃል። ሽማግሌ ሲገባ ተነሥቶ «ኖር!» ማለትን ያወቀ እንግዳ ከመቶ ቃል በላይ ተማረ ማለት ይቻላል።

የውጭ ሰው ከዚህ ቋንቋ ጋር የታገለው ዛሬ ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም። የቤተ አምሐራ ሰው የነበሩትን አባ ጎርጎርዮስን ሮም ላይ አግኝቶ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ አስመጥቶ ከርሳቸው ተማረ። በመጀመሪያ የተነጋገሩት በግዕዝ ነበር፤ ሉዶልፍ ግዕዝን ያጠናው ከመጽሐፍ ስለነበረ መናገሩ ከብዶት እንደነበር ይታወቃል። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1698 ነው። ከርሱ በኋላ የመጡት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች አንቷንና አርኖ ዳባዲ ሌላ መንገድ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ላይ ወርደው ለዓመታት በአገሩ ኖሩ። አንቷን በጎንደር ከደብተሮች እግር ሥር ተቀመጠ፤ አርኖ በጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ሠራዊት ውስጥ እንደ አገሩ ሰው ኖረ። የአንቷን የአማርኛ መዝገበ ቃላት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው፤ ቃላቱን ከሰው አፍ ሰብስቦ ለማሳተም ዕድሜውን አንጠፈጠፈ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የዚህ አካባቢ ዋነኛ የቋንቋ ተማሪ ፈረንጅ አይደለም። ጋይንት የዜማ አገር ናት፤ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት የምስክር ጉባኤ ናቸው። ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ የመጣ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ኮፌዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጃፍ ለደጃፍ ሲዞር ኖሯል። የአንዳንዱ አፍ መፍቻ አማርኛም አይደለም። የኔታ ዜማውን ያስተምሩታል፤ የአገሩን አማርኛ የሚያስተምሩት ግን ቁራሽ የሚሰጡት እናቶች፣ ውሻቸውን የሚገሥጹ ገበሬዎችና ጎጆ የሚጋሩት ጓደኞቹ ናቸው። ማን «አንቱ»፣ ማን «አንቺ» እንደሚባል ካልለየ እራቱን አያገኝም። የውጭ እንግዳ ከዚህ የሚማረው አለ፤ የቆሎ ተማሪው ቋንቋውን የሚያውቀው ስለሚያስፈልገው ነው፤ አስተርጓሚ ይዞ አይዞርም።

ሆን ተብሎ ከእንግዳ የተሸሸገ አነጋገርም አለ። አዝማሪዎች በሰው መካከል ሆነው እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ እንዲህ ያሉ የኢትዮጵያ የምስጢር አነጋገሮች መጽሐፍ አሳትሟል። ይህን እንግዳው ባይሰማው ሊከፋው አይገባም፤ የጎረቤት ገበሬም አይሰማውም።

የከተማው ወጣት የሚናገረው ደግሞ ሌላ ነው። «ጀለስ»፣ «ነፍ»፣ «ፋራ» የሚሉ የአዲስ አበባ የአራዳ ቃላት በስልክ መስኮት በኩል ነፋስ መውጫም መካነ ኢየሱስም ገብተዋል። እንግዳው እነዚህን ተምሮ ቢመጣ ከመናኸሪያው ልጆች ጋር ይሣሣቃል። ወደ ቀበሌው ሽማግሌ ሄዶ «ጀለስ» ቢል ግን የሚገጥመው ዝምታ ነው። ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በስፓኒሽ ቋንቋ «ጓጓ» የሚለው ቃል በኩባ አውቶቡስ ነው፤ በቺሊ ሕፃን ልጅ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው የሚጓጓበት ነው። በስፔን «አውቶቡስ መያዝ» ለማለት የሚውለው ግስ በሜክሲኮና በአርጀንቲና በአደባባይ የማይነገር ነውር ነው። ስፓኒሽን ማድሪድ የተማረ ሰው ሜክሲኮ ሲደርስ የሚያፍረው ያህል፣ አማርኛን ቦሌ የተማረው ጋይንት ላይ ማፈሩ አይቀርም።

እፍረቱ ያልፋል፤ በጤና ጣቢያ ያለው አለመግባባት ግን ጉዳት አለው። «ልቤን አቃጠለኝ» የሚል ታማሚ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ከደረቱ በታች ያለውን ጨጓራውን ነው። «ሆዴን ቆረጠኝ» የሆድ ሕመም ነው፤ «ሆድ ባሰኝ» ግን የኀዘን ቃል እንጂ ሕመም አይደለም፤ መድኃኒት አይታዘዝለትም። «የወፍ በሽታ» ዐይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆን የሚሰጥ ስም ነው፤ ከዶሮ ጋር አይገናኝም። «አልማዝ ባለጭራ» በአንድ ወገን ቆዳ ላይ የሚወጣው የሚያቃጥል ሽፍታ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ግን ስለ ዕንቁና ስለ ጅራት ይነግረዋል። አስተርጓሚው የከተማ ልጅ ከሆነ እርሱም ሁሉንም ላያውቅ ይችላል፤ ባለማወቁ አፍሮ ግምቱን ሲተረጉም ደግሞ ስሕተቱ ሁለት ይሆናል።

መፍትሔው በአብዛኛው በአገሬው እጅ ነው። እንግዳ ሲያዩ ቋንቋን ማሳጠርና መሰባበር፣ ለሕፃን እንደሚወራ ማውራት የተለመደ ቸርነት ነው። እንግዳው ግን እንዲህ ሲወራለት የሚማረው የተሰበረ አማርኛ ነው። እንደ ወትሮው፣ ግን ዝግ ብሎ መናገር ይበጀዋል። ሲሳሳት በዝምታ ከማለፍ ትክክለኛውን ቃል ደግሞ መንገርም ነውር የለበትም። በሽታ ሲነገር ደግሞ ስሙን ብቻ ከመጥራት ምልክቱን መዘርዘር፣ የታመመውን በግ ማሳየት፣ የሚያመውን ቦታ በጣት መንካት ይገባል፤ ጣት አስተርጓሚ አያሻውም። እንግዳውም በበኩሉ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ከስንት ስሕተት ይድናል።

ጊዜ ያለው እንግዳ ቡና ላይ ይቀመጥ፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሰዓት ማንም የማያስከፍልበት ትምህርት ቤት ነው። የገበያ ቀንም እንዲሁ። ሰላምታውን እንኳ በወቅቱ ይማረዋል፤ ክረምቱ ሲወጣ ያልተያየ ሰው «እንደምን ከረማችሁ?» ይላል፤ በጋውን ተለያይቶ ዝናብ ሊጥል ሲል የተገናኘ ደግሞ «እንደምን ባጃችሁ?»። አንዱን በሌላው ቦታ ቢለው ይታረምለታል፤ የሚያርሙትም ምናልባት እነዚያው «አንተ» ሲል የሣቁበት ልጆች ይሆናሉ።