ያማረ ዌብሳይት አይሠራም፣ የሚሠራው አያምርም?

ዌብሳይት የሚያሠራ ነጋዴና የሚሠራለት ዲዛይነር ፊት ለፊት ሲቀመጡ ክርክሩ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንዱ «ዓይን ይሳብ» ይላል፤ ሌላው «ሰው ሳይደናገር ይጠቀምበት» ይላል። ከዚያ ሁለቱም ከያዙት እየቆረሱ ይስማሙና በከፊል ያማረ፣ በከፊል የሚሠራ ነገር ይወለዳል። ለዚህ የሚዳርገው ሁለቱም ልብ ውስጥ ያለ አንድ እምነት ነው፦ ውበትና ምቾት አንድ ገመድ ይጓተታሉ፤ ወደ አንዱ ከተሳበ ከሌላው ይቀነሳል የሚል። ከዚህ እምነት የተወለዱ ሌሎች ብዙ ወሬዎችም አሉ። ጥቂቶቹን እንያቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ውበት ሲበዛ ምቾት ይሞታል

ለዚህ ዘወትር የሚጠራው ምስክር ቡ ዶት ኮም ነው። ስዊድናውያን ወጣቶች ለንደን ላይ ያቋቋሙት ይህ የፋሽን ልብስ መሸጫ በኖቬምበር 1999 ተከፈተ። ልብሱን እያዞሩ ማየት ይቻል ነበር። ሚስ ቡ የምትባል በኮምፒውተር የተሳለች ሻጭ ደንበኛውን ታነጋግር ነበር። 135 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በሜይ 2000 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ «ለውበት ሲል የሞተ» እየተባለ ሲነገርለት ይኖራል።

አሟሟቱን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በ1999 ብዙው ቤተሰብ ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልክ መስመርና በሞደም ነበር። በፍላሽ የተሠራው ከባድ ገጽ በዚያ መስመር ተጎትቶ እስኪደርስ ገዢው ተስፋ ይቆርጣል። ዕቃው የሚታየው በተለየች ትንሽ መስኮት ውስጥ ሲሆን፣ ሜኑው ደግሞ ለማንበብም ለመንካትም አስቸጋሪ ነበር። በዚህ ላይ ኩባንያው በአንድ ጊዜ 18 አገር ውስጥ ልሽጥ ብሎ ገንዘቡን በየአቅጣጫው በተነው። ስለዚህ የአሟሟቱ ምክንያት ክብደት፣ የተደበቀ መንገድና አባካኝነት ነው። ልብሱን እያዞሩ ማየት ዛሬ በየመደብሩ ያለ ነገር ሆኗል፤ ሐሳቡ በራሱ ጥፋት አልነበረበትም።

ተቃራኒው ምስክር ብዙ አይጠራም። በ2003 ዴቭ ሺ የሚባል ካናዳዊ ዲዛይነር ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን የሚባል ገጽ ከፈተ። ደንቡ አንድ ነው፦ ጽሑፉን፣ የርዕሶቹን ቅደም ተከተልና ሊንኮቹን የያዘው ፋይል አይነካም፤ ተሳታፊው መለወጥ የሚችለው መልኩን የሚወስነውን ፋይል ብቻ ነው። ከየአገሩ የተላኩት ዲዛይኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ አንዱን ከሌላው ጎን ብታስቀምጡ አንድ ገጽ ናቸው ብሎ የሚያምን የለም። ማየት የተሳነው ሰው በስክሪን አንባቢ ቢከፍታቸው ግን በሁሉም የሚሰማው ያው አንድ ጽሑፍ፣ በያው ቅደም ተከተል ነው። አጥንቱና ልብሱ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ ያሳየ ነገር አላውቅም። አጥንቱ ቀጥ ካለ ልብሱ የፈለገውን ያህል ቢደምቅ አይጎዳውም።

ተረት፦ ተጠቃሚ ጉዳዩን ፈጽሞ መሄድ እንጂ ውበት ጉዳዩ አይደለም

ይህ የመሐንዲሶች ተረት ነው። በ1995 ማሳአኪ ኩሮሱና ካኦሪ ካሺሙራ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የኤቲኤም ማሽን በተኖች የተደረደሩባቸውን 26 ዓይነት አቀማመጦች ለ252 ሰዎች አሳዩ። ሰዎቹ እያንዳንዱን «ምን ያህል ያምራል? ምን ያህልስ ይቀላል?» እየተባሉ ነጥብ ሰጡ። ሰዎቹ «ይቀላል» ያሉት አቀማመጥ በአብዛኛው «ያምራል» ያሉት ሆኖ ተገኘ፤ በእርግጥ አጠቃቀሙን የሚያቀሉት ነገሮች ከነጥቡ ጋር የነበራቸው ዝምድና ደካማ ነበር። ኖአም ትራክቲንስኪ የተባለ እስራኤላዊ ተመራማሪ ነገሩ የጃፓኖች የውበት ፍቅር ይሆናል ብሎ ጠርጥሮ በአገሩ ደገመው፤ በ1997 ያሳተመው ውጤት ዝምድናው እንዲያውም የበረታ መሆኑን አሳየ። በ2006 ደግሞ ካናዳ በሚገኘው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ጊቴ ሊንድጋርድና ባልደረቦቿ ሰዎች ስለ አንድ ገጽ ውበት የሚሰጡት ፍርድ በ50 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ሃያኛ ክፍል ውስጥ እንደሚፈጠር አሳዩ።

እዚህ ላይ ዲዛይነሮች ደስ ብሏቸው ያቆማሉ። እኔ ግን አንዲት ቃል ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የኤቲኤሙ ጥናት የለካው «ይቀላል ብዬ እገምታለሁ» የሚለውን ነው። ሰዎቹ በማሽኑ ገንዘብ አላወጡም። ውበት በመጀመሪያ እምነት ያሰጣል፣ ትዕግሥት ያበድራል፤ ያበደረውን ግን ገጹ በሥራ መክፈል አለበት። ከዚህ የባሰው ደግሞ ውበት ገጹ በሰው የሚሞከርበትን ፈተና ራሱን ያሳስታል። ለሙከራ የተጠራች ሴት የማድረሻ ዋጋውን ፍለጋ ከገጽ ገጽ ትንከራተታለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ የተሳሳተ በተን ትነካለች። ከዚያ «እንዴት አገኘሽው?» ስትባል «ኧረ በጣም ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ» ትላለች። እኛ ዘንድ ይሉኝታው ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፤ ሌት ተቀን የለፋውን ልጅ ፊት ለፊቱ «ግራ አጋባኸኝ» የሚል ጨካኝ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ አስተያየት መጠየቅ ብዙ አያስገኝም። የሚያስገኘው «ቁጥር 39 ጥቁር ጫማ ቦሌ ድረስ እንዲመጣልሽ እዘዢ» ብሎ ሥራ ሰጥቶ ዝም ማለት ነው። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ ዲዛይነሩ «እዚያ ጋ ነው፣ ከላይ!» ብሎ ሊጮህ ይቃጣዋል። ያ የቃጣው ቦታ መስተካከል ያለበት ነው።

ተረት፦ ሦስት ክሊክ፣ ሰባት ሜኑ፣ ያለ ስክሮል

እነዚህ ሦስቱ በቶሎ ያልቃሉ። ተጠቃሚ የሚፈልገውን በሦስት ክሊክ ካላገኘ ይሄዳል የሚለውን ጆሹዋ ፖርተር በ2003 ፈትሾ፣ የክሊኩ ብዛት ከመተውም ከመርካትም ጋር እንደማይያያዝ አሳይቷል። ሰው የሚያማርረው የሚቀጥለው እርምጃ ወዴት እንደሚያደርሰው ሲጠፋበት ነው። ሜኑ ከሰባት መብለጥ የለበትም የሚሉት ደግሞ የሥነ ልቦና ሊቁን የጆርጅ ሚለርን የ1956 ጽሑፍ እየጠቀሱ ነው። ሚለር የጻፈው ግን ሰው በቃሉ ስለሚይዘው ነገር ነው። ሜኑ ዓይን ፊት ተዘርግቶ የሚነበብ ስለሆነ ማንም በቃሉ አይሸመድደውም።

ሰው ስክሮል አያደርግም የሚለው ግን ብዙ ጉዳት አድርሷል። ሎጎው፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ቅናሹ፣ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ሳይቀር የመጀመሪያው ስክሪን ላይ ካልገባ የሚል ደንበኛ አለ። እውነት ነው፣ የላይኛው ክፍል አሁንም ብዙ ዓይን ያገኛል፤ ነገር ግን የኒልሰን ኖርማን ግሩፕ የተባለው የአጠቃቀም አጥኚ ድርጅት በ2010 ሲለካ 80 በመቶ የነበረው የላይኛው ስክሪን የመታየት ጊዜ ድርሻ በ2018 ወደ 57 በመቶ ወርዷል። ሰው ወደ ታች ይወርዳል፤ ለመውረድ የሚያበቃ ምክንያት ከላይ ካየ። ከላይ ሁሉን ማጨቅ ደግሞ ያንኑ ምክንያት ይገድለዋል።

ተረት፦ ለአጠቃቀም ከታሰበ ሁሉም ዌብሳይት አንድ ዓይነት ይሆናል

ይህኛው ከተረቶቹ ሁሉ ለእውነት የቀረበው ነው፤ የሚሳሳተው ተጠያቂውን ሲጠራ ነው። የአጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን ደጋግሞ እንደሚያስታውሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በሌሎች ዌብሳይቶች ነው። የናንተ ገጽ ላይ የሚደርሰው እዚያ የለመደውን ይዞ ነው፦ ሎጎ ሲነካ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሳል፣ የግዢ ቅርጫት በላይኛው ጥግ ይገኛል፣ ሊንክ ከጽሑፉ ተለይቶ ይታወቃል። እነዚህን መለወጥ ፈጠራ አይባልም፤ የበር እጀታን በማጠፊያው በኩል እንደ መትከል ነው። በቤቱ ቀለም፣ በመስኮቱና በውስጡ ባለው ወግ ግን ባለቤቱ የፈለገውን ያድርግ።

ታዲያ ይህ ሁሉ መመሳሰል ከየት መጣ? በአብዛኛው ከስንፍናና ከዝግጁ አብነት ነው። ትዊተር በኦገስት 2011 ቡትስትራፕ የተባለውን ዝግጁ የዌብሳይት አብነት በነፃ ሲለቅ ጥሩ ሥራ ነበር የሠራው። ነገር ግን ብዙዎች ቀለሙን እንኳ ሳይለውጡ እንዳለ ወሰዱት፤ ለተወሰኑ ዓመታት ባንኩም ምግብ ቤቱም ትምህርት ቤቱም አንድ ዓይነት ሰማያዊ በተን ይዘው ታዩ። አጠቃቀም ይህን አልጠየቀም። ሰፊ ፎቶ፣ መሐሉ ላይ ነጭ መፈክር፣ ከሥር ሦስት ክብ ምልክቶች ያለው ገጽ ምቹ ስለሆነ ተመርጦ አያውቅም፤ ተዘጋጅቶ ስለተገኘ ነው።

በመለኪያ ማምለክም የራሱ ድርሻ አለው። ጉግል ለሊንክ የሚሆን ሰማያዊ ለመምረጥ 41 ዓይነት ሰማያዊዎችን በተጠቃሚዎች ላይ እንደሞከረ በሰፊው ይታወቃል። የኩባንያው የምስላዊ ዲዛይን ኃላፊ የነበረው ዳግ ቦውማን በ2009 ሲለቅ ይህን ልማድ በይፋ ነቅፏል። ለእኔ ሁለቱም ወገን ትክክል ነው። ጉግልን ለሚያህል ድርጅት በሰማያዊና በሰማያዊ መካከል ያለው ልዩነት ገንዘብ ነው። በቀን መቶ ጎብኚ ለሚያይ ሱቅ ግን ያ ሙከራ ትርጉም ያለው መልስ አይሰጥም፤ እዚያ ዓይን ያለው ሰው ይምረጥና ይቀጥል።

ተረት፦ ሁሉም ሰው እንዲያነበው ከተደረገ ያስጠላል

ዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ በመካከለኛ ደረጃው መደበኛ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ልዩነት እንዲኖረው ይጠይቃል። ይህን ሲሰሙ ብዙ ዲዛይነሮች ጥቁርና ነጭ ብቻ የቀራቸው ይመስላቸዋል። እስኪ በሁለት ግራጫዎች እንየው። #777777 የሚባለው ግራጫ በነጭ ላይ 4.48 ለ 1 ስለሚሆን ይወድቃል። #767676 ደግሞ 4.54 ለ 1 ሆኖ ያልፋል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የሚለይ ዓይን የለም። ዛሬ ፋሽን የሆነው በጣም የነጣው ግራጫ ግን ከዚህ ድንበር እጅግ የራቀ ነው። ያ ጽሑፍ ቢሮ ውስጥ ውድ ስክሪን ላይ «ረቂቅ» ይመስላል፤ ባትሪ ለመቆጠብ ብርሃኑ በተቀነሰ ስልክ፣ ሜክሲኮ አደባባይ በቀትር ፀሐይ ላይ ግን ጭራሽ የለም። ለዓይነ ስውራን የሚጨመረው የሥዕል መግለጫ ደግሞ አንዲት ነጥብ እንኳ መልክ አይለውጥም። የሲድኒ ኦሊምፒክ አዘጋጆች በዌብሳይታቸው ያንን ባለማድረጋቸው ብሩስ ማጉዋየር የተባለ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ ከሶ በ2000 ረታቸው፤ 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍሉም ተፈረደ።

ተረት፦ ፊደል ፊደል ነው፤ የእንግሊዝኛውን ዲዛይን በአማርኛ መሙላት ይበቃል

እኛን በተለይ የሚጎዳን ይህ ነው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 እስኪካተት ድረስ የአማርኛ ገጾች በየራሳቸው ፎንት ይጻፉ ነበር፤ ፎንቱን ያልጫነ ሰው የሚያየው ዝባዝንኬ ነበር። አንዳንዶቹም ጽሑፉን በሥዕል መልክ ይለጥፉት ነበር። ያ ችግር አልፏል። የቀረው የዲዛይን ችግር ነው።

በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ሜኑው ብዙ ጊዜ በትንንሽ ዐቢይ ፊደላት፣ በመካከላቸው ሰፋ ያለ ክፍተት ተሰጥቶ ይጻፋል፤ ለላቲን ያምርበታል። እኛ ዐቢይና ንዑስ ፊደል የለንም። ያው ትእዛዝ በአማርኛ ላይ ሲያርፍ የሚሠራው ክፍተቱ ብቻ ስለሆነ ፊደሎቹ ተበታትነው ቃሉ ይፈርሳል። መስመሮቹም ለእንግሊዝኛ በተለካ ክፍተት ሲደራረቡ፣ ፊደሎቻችን አብዛኛው እኩል ቁመት ስላላቸው ገጹ እንደ ግንብ ይጠቁራል፤ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ከሁሉ የከፋው ደማቁ ጽሑፍ ነው። ኒያላን የመሰሉ ፎንቶች ደማቅ ስሪት የላቸውም። ዲዛይነሩ «ደማቅ ይሁን» ሲል ብራውዘሩ ያለውን ፊደል አወፍሮ ያስመስላል። ሣልስና ኃምስን የሚለየው እግር ላይ ያለችው ቀለበት ናት፤ ቢ እና ቤን፣ ሲ እና ሴን ተመልከቱ። ፊደሉ ሲወፍር ቀለበቷ ትደፈንና ኃምሱ ሣልስ ይመስላል።

የሚያስቆጨው ይህን ሥራ አባቶቻችን አሳምረው ያውቁት እንደነበር ነው። በብራና መጽሐፍ ላይ ከገጹ አናት የሚሳለው ሐረግ ጌጥ ነው፤ አዲስ ክፍል መጀመሩንም ከሩቅ ይናገራል። ቀይ ቀለሙ ያስጌጣል፤ ርዕስንና ቅዱስ ስምንም ለይቶ ያሳያል። በቅጠሉ ጠርዝ የሚሰፋው ባለ ቀለም ክርም የሚፈለገውን ክፍል ያስገልጣል። ጸሐፊው አንዱን ከሌላው ሳይቀንስ ሠርቶታል።

አማርኛ ገጽ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ፈተና እንግዲህ ይህ ይሁን፦ «የሴቶች ጫማ ቤት» ብሎ በደማቅ፣ በ14 ፒክስል ይጻፍና በርካሽ ስልክ ይክፈተው። «የሲቶች ጫማ ቢት» ሆኖ ከተነበበ ስለ ቀለም ከመነጋገሩ በፊት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ የራሱ ደማቅ ስሪት ያለው ፎንት ያስገባ፤ መስመሩንም ያላላ።