ሁለቱን የጭስ ማውጫዎች ማገናኘት፦ ጉልበት ወይስ ድምፅ?

ለዶክትሬት ትምህርታችን በአሜሪካ በነበርንበት ዘመን አንድ የአገር ልጅ ወዳጅ ነበረን። ቀን እየተማረ፣ ማታ ማታ በመኪና ማቆሚያ ስፍራ እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ ያገለገለ ባለ ስምንት ሲሊንደር ፎርድ ማስታንግ ገዛ። ትምህርታችንን ገና ሳንጨርስ «ዶክተር» እያለ ይጠራን የነበረው ይህ ወዳጃችን አንድ ቀን የመለዋወጫ ዕቃ ካታሎግ ይዞ መጣና፣ «ዶክተር፣ ይህ ቱቦ ጉልበት ይጨምራል ወይስ ገንዘቤን ይበላኛል?» ሲል ጠየቀን።

ቱቦው ከሞተሩ ግራና ቀኝ ለየብቻቸው የሚወጡትን ሁለት የጭስ ማውጫዎች ከመኪናው ሆድ ሥር የሚያገናኝ ነበር። እኛም በወረቀት ጀርባ ላይ በሰከንድ የሚወጣውን የጭስ መጠን አስልተን ለሁለት አካፈልንና፣ «ሁለቱም እኩል ጭስ ነው የሚያስተላልፉት፤ እኩል የሆኑትን ማገናኘት ምን ይፈይዳል? ተወው» አልነው። አልተወውም። ቱቦውን አስገጥሞ ሞተሩን ባስነሳበት ዕለት ስሌታችን ስሕተት እንደነበረው በገዛ ጆሯችን ሰማን። የመኪናው ድምፅ ሌላ ሆኖ ነበር። እኩል የሆኑ ነገሮችን ማገናኘት ድምፅን እንዲህ ሊለውጥ አይችልም፤ ስለዚህ ሁለቱ ቱቦዎች እኩል አልነበሩም ማለት ነው።

የስምንቱ ሲሊንደሮች ተራ

በቪ ቅርጽ በተሠራ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አራቱ ሲሊንደሮች በግራ፣ አራቱ በቀኝ ይሰለፋሉ። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ዙር፣ ማለትም 720 ዲግሪ፣ ሲዞር ስምንቱም አንድ አንድ ጊዜ ያቀጣጥላሉ። በመሆኑም ሞተሩ በየ90 ዲግሪው ሳያዛንፍ ይተኩሳል። በአሜሪካ ሞተሮች ዘንድ በተለመደው ክራንክ ሻፍት ላይ ፒስተኖቹ የተያያዙባቸው ክርኖች ከፊት ሲታዩ የመስቀል ቅርጽ አላቸው፤ ይህም ንዝረትን ለመቀነስ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፋ ዘዴ ነው። ንዝረቱ ሲቀንስ ግን ሌላ ዕዳ መጣ፤ ተራው ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እየተባለ አይሄድም። ለምሳሌ ያህል በቀድሞው የሸቭሮሌ ሞተር ቅደም ተከተሉ 1-8-4-3-6-5-7-2 ሲሆን ጎዶሎ ቁጥሮቹ በግራ፣ ሙሉዎቹ በቀኝ ናቸው። ስለዚህ ተራው ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ ይሆናል። (የሒሳብ ወዳጆች ይህን ሰልፍ ሲያዩ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም፤ ኖርዌያዊው አክሰል ቱየ በ1906 እ.ኤ.አ. ያጠናው፣ ዛሬ በቱየና በሞርስ ስም የሚጠራው ተከታታይ የመጀመሪያ ስምንት አባላት ናቸው።)

እንግዲህ የግራውን ወገን ብቻ ብናዳምጥ በተኩሶቹ መካከል ያለው ርቀት 270፣ 180፣ 90፣ 180 ዲግሪ ነው። አማካዩ 180 ነው። እኛ በወረቀቱ ጀርባ ያሰላነው ይህንኑ አማካይ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ደግሞ ከአማካዩ በሚያፈነግጠው ላይ ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር 90 ዲግሪ የሚፈጀው 2.5 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ግን ከ6 ሚሊ ሰከንድ በላይ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲሊንደር ጭሱን ገና ሳይጨርስ ሁለተኛው በዚያው ቱቦ ይደርስበታል። የሚያስገርመው ግን በዚያችው ቅጽበት የወዲያኛው ወገን በ270 ዲግሪ ዕረፍቱ ላይ መሆኑ ነው። አንዱ ቤት እንግዳ በበዛበት ሰዓት የጎረቤቱ ሳሎን ባዶ እንደመሆን ነው። የመገናኛው ቱቦ በሁለቱ ቤቶች መካከል በር ይከፍታል። በቱቦ ውስጥ በሚናወጥ ፍሰት የሚባክነው ግፊት በፍሰቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ የተጨናነቀው ጭስ ለሁለት እኩል ቢካፈል ከመገናኛው በኋላ የሚባክነው ግፊት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ጉልበቱ ስንት ነው?

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፎርድ ማስታንግ ጂቲ እንውሰድ፤ 5 ሊትር፣ 460 የፈረስ ጉልበት፣ 12 ለ1 የመጭመቅ ምጣኔ። በደቂቃ 6,000 ዙር ፒስተኖቹ በሰከንድ 250 ሊትር ጭስ ገፍተው ያስወጣሉ። የሚገፉበትን ግፊት በ10 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ከከባቢ አየር ግፊት በአንድ አሥረኛ፣ ብንቀንስላቸው የሚተርፈው 2.5 ኪሎ ዋት ወይም 3.4 ያህል የፈረስ ጉልበት ነው። በሲሊንደሩ የሚቀረው አሮጌ ጭስም ስለሚያንስ አዲስ አየር የሚገባበት ቦታ ወደ 1 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ይህም 4 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ተደምሮ ከ2 በመቶ በታች። ያውም 10 ኪሎፓስካል በልግስና የሰጠነው ነው፤ ከመገናኛው በፊት ያለው የካታሊቲክ ኮንቨርተር ጫና በዚህ ቱቦ አይነካም።

የሞገዱም ነገር አለ። ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሞቅ ጭስ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 550 ሜትር ያህል ይጓዛል። የግፊት ሞገድ ቱቦው በድንገት ወደሚሰፋበት መገናኛ ሲደርስ ከፊሉ ወደ መሳሳብ ሞገድነት ተለውጦ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቫልቩ ሊዘጋ ሲል ከደረሰ ቀሪውን ጭስ ይመጠዋል። በ6,000 ዙር ለዚህ የሚስማማው ርቀት 1.8 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ3,000 ዙር ግን እጥፉ ነው። በመሆኑም አንድ ቦታ ላይ የተበየደ መገናኛ በአንዱ ፍጥነት የሚሰጠውን በሌላው ሊነሣ ይችላል። «በሁሉም ፍጥነት ጉልበት ይጨምራል» የሚል ማስታወቂያ ያየ አንባቢ ይህን ያስታውስ።

ድምፁ

በደቂቃ 6,000 ዙር ስምንቱ ሲሊንደሮች በሰከንድ 400 ጊዜ ይተኩሳሉ። የአንዱ ወገን ያልተስተካከለ ምት ግን ራሱን የሚደግመው በሰከንድ 50 ጊዜ ነው። በፉሪየ ዘዴ ብንተነትነው ከ400 ኸርዝ በታች 50፣ 150፣ 250 እና 350 ኸርዝ እናገኛለን፤ ከእነዚህም ጎልተው የሚወጡት 150 እና 250 ናቸው። ያ ወፍራም፣ ጉርምርም የሚል የአሜሪካ መኪና ድምፅ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሞተሩ ቆሞ በ600 ዙር ሲሠራ ደግሞ ድግግሞሹ በሰከንድ 5 ብቻ ስለሚሆን ጆሮ እንደ ዜማ ሳይሆን እንደ ከበሮ ምት ይሰማዋል።

ሁለቱን ወገኖች ፍጹም ብንደባልቃቸው ግን የአንዱ ክፍተት በሌላው ተኩስ ይሞላል፤ እነዚያ ዝቅተኛ ድምፆች በሙሉ ይጠፉና 400 እና ብዜቶቹ ብቻ ይቀራሉ። በኤክስ ቅርጽ የሚሠራው መገናኛ ሁለቱን ፍሰቶች በአንድ ነጥብ ስለሚያጋጫቸው ወደዚህ ይቀርባል፤ ድምፁም ይቀጥናል፣ ይሳላል። በኤች ቅርጽ የሚሠራው፣ ማለትም በሁለት ትይዩ ቱቦዎች መካከል የተዘረጋው አጭር ድልድይ፣ ከፊሉን ብቻ ስለሚያሻግር ጉርምርምታውን ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የፌራሪ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮችና በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮርቬት ዜድ 06 ጠፍጣፋ ክራንክ ሻፍት ስላላቸው እያንዳንዱ ወገን በራሱ በየ180 ዲግሪው ይተኩሳል። ያ ጩኸታቸው ከዚህ የመጣ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ መገናኛው የሚያስተካክለው ዝንፈት የለም።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ብልህ ነበርና ቱቦውን ከማስገጠሙ በፊትም በኋላም መኪናውን በዳይናሞሜትር አስለክቶ ነበር። ወረቀቶቹን አምጥቶ ፊታችን ሲዘረጋቸው አዲሱ መስመር በመካከለኛው ፍጥነት ከአሮጌው ትንሽ ከፍ፣ ከታች ደግሞ ትንሽ ዝቅ ብሎ አየነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ቱቦ ይዞ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የተለካው እርስ በርሱ የነበረው ልዩነትም ከዚያ ብዙ አያንስም ነበር። ሁለተኛው ልኬት የተደረገውም በሞቃት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር እፍጋቱ ከ3 በመቶ በላይ ይቀንሳል፣ ይህም ከቱቦው ከሚጠበቀው ሁሉ ይበልጣል። (የአዲስ አበባ ከፍታማ ከሞተር ጉልበት ሩብ ያህሉን ይወስዳል፤ ይህን የሚመልስ ቱቦ የለም።) ወዳጃችን ግን «ዶክተር፣ ስነዳው እኮ ይታወቀኛል!» አለን። የሚታወቀው ድምፁ ነበር።

በአገራችን ጎዳናዎች የሚበዙት ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች ባለቤቶች ይህ ጥያቄ አይነካቸውም። አራቱም ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ ተሰልፈው በየ180 ዲግሪው ወደ አንድ ቱቦ ይተኩሳሉና የሚገናኝ ሁለተኛ ቱቦ የላቸውም። ጋራዥ ሄደው መካኒኩ ማርሚታውን ቆርጦ «ጉልበት ይጨምራል» ቢላቸው፣ የሚጨምረው ድምፅ ለመሆኑ መለኪያ መሣሪያ ማምጣት አያሻም፤ ጎረቤት መጠየቅ ይበቃል።