ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው

ስለ ባቡር ጥራት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት ነው። የስዊዘርላንድ ባቡሮች ግን እንደ ፈረንሳይና እንደ ጃፓን ፈጣን ባቡሮች በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አይከንፉም። ቢሆንም ሰዓት በማክበር በአውሮፓ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የአገሪቱ ባቡሮች በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲነሱ ተደርጓል፤ በዋና ዋና መስመሮች ዛሬ በየግማሽ ሰዓቱ ነው። እንደ ዙሪክና በርን ባሉ ትልልቅ ጣቢያዎች፣ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ባቡሮች ከየአቅጣጫው ተከታትለው ይገባሉ። መንገደኛው ወርዶ ወደሚቀጥለው ባቡር ይሻገራል፤ ሰዓቱ ሞልቶ ጥቂት ሲያልፍ ሁሉም በየፊናቸው ይወጣሉ። ገጠር ሲደርስ ደግሞ ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ከባቡሩ ጋር ተናብቦ ወደ ተራራው መንደር ያወጣዋል። ለእኔ የባቡር ጥራት ማለት ይህ መሻገሪያ ነው፤ ለስላሳ ወንበርም ሆነ ሰፊ መስኮት ያመለጠ ባቡርን አይክስም።

አሠራሩ እንዲሳካ በሁለቱ ትልልቅ ጣቢያዎች መካከል ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት በጥቂቱ ማነስ ነበረበት፤ ከበርን ዙሪክ ግን ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር። ሕዝቡ «ባቡር 2000» የተባለውን ዕቅድ በ1987 በድምፁ አጸደቀ። በ2004 መገባደጃ ላይ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አዲስ ሐዲድ ሲከፈት ጉዞው 56 ደቂቃ ሆነ። በዚህ ሐዲድ ላይ ባቡሩ በሰዓት እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ያ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ቢፈጥን የሚተርፈው ተጨማሪ ወጪና ጣቢያ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው።

የጣቢያው ሰዓት ራሱ ለዚህ ሥራ የተበጀ ነው። በ1944 የነደፈው የባቡር ድርጅቱ መሐንዲስ ሐንስ ሂልፊከር ነው። በኋላ የተጨመረው ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ ዙሩን በ58 ሰከንድ ተኩል ገደማ ጨርሶ አናት ላይ ይቆማል። ከማዕከል ምልክት ሲደርሰው የደቂቃው ቆጣሪ አንድ እርምጃ ይዘላል፣ ቀዩም ዙሩን እንደገና ይጀምራል። በዚህ መንገድ በየጣቢያው ያሉት ሰዓቶች አንድ ላይ ይሄዳሉ።

ስዊዘርላንድ ውስጥ 3 ደቂቃ የዘገየ ባቡር እንደ ዘገየ ይቆጠራል፤ በጀርመን ወሰኑ 6 ደቂቃ ነው። በዚህ ጥብቅ መለኪያም እንኳ ከ100 መንገደኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት በሰዓታቸው ይደርሳሉ። ከጀርመን የሚመጣ ባቡር በጣም ከዘገየ በድንበሯ ከተማ በባዝል እንዲቆም ይደረግና መንገደኞቹ ወደ ስዊዘርላንድ ባቡር ይዛወራሉ። ሻንጣ ተሸክሞ ለሚወርደው ከባድ ነው። እኔ ግን ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ የዘገየው ባቡር ዝም ተብሎ ቢያልፍ፣ ዙሪክ ላይ ወደ ኩር ከተማ ወደሚሄደው ባቡር ለመሻገር የተዘጋጁት መንገደኞች፣ ከእነሱም በኋላ መንደር ላይ አውቶቡስ የሚይዙት ሁሉ አብረው ይዘገያሉ።